ቡፌ በጎጃም መንገድ፤ ከግብር አዳራሽ እስከ አዘና

ቡፌ ምግቡ አስቀድሞ ተሠርቶ በረድፍ የሚቀርብበት፣ ተመጋቢው ሳህን ይዞ ተሰልፎ የፈለገውን የሚያነሣበት፣ ሒሳቡም እንደ ወጡ ዓይነት ሳይሆን በሰው የሚቆረጥበት የምግብ ንግድ ነው። ስሙ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከባቡር ጋር ነው። አሠራሩ በትልልቅ ሆቴሎችና በሠርግ አዳራሾች ተስፋፋ፤ በጎጃም ወዳሉት የአዊ ከተሞች፣ ወደ ዳንግላ፣ ወደ እንጅባራና ወደ አዘና ግን የደረሰው በቅርብ ጊዜ ነው። በደረሰበት ሁሉ አንድ ሁኔታ አይለየውም፤ ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት ይርበዋል፣ በልቶም በአንድ ሰዓት ይነሣል። ይህ ሁኔታ ባለበት ቦታ ንግዱ ጸንቷል፤ በሌለበት ቦታ ባለቤቱ የቱንም ያህል ወጥ ቢደረድር ወጡ ሲበርድ ውሏል።

አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ተብለው በሚቆጠሩት በሰባት ቤት አገው አገር፣ በአዊና በዙሪያው፣ የተሠራ ምግብ መሸጥ ለረጅም ዘመን ንግድ አልነበረም። መንገደኛ ስንቁን ይዞ ይወጣል፤ በሶው በአቅማዳ፣ ዳቦ ቆሎውና ድርቆሹ በከረጢት። ስንቁ ካለቀ ወይም ቀኑ ከመሸ «የመሸበት እንግዳ» ብሎ ደጅ ይቆማል፣ የቤቱ ሰው ያስገባዋል፣ እግሩ ታጥቦ ካለው ይበላል። ለዚህ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነበር። በገበያ ቀን ለሽያጭ የሚወጣው ጠላና አረቄ ነው፤ ቆሎው ወይም ቁራሽ እንጀራው ከመጠጡ ጋር የሚመጣ እንጂ ራሱን ችሎ ዋጋ የሚወጣለት አልነበረም። በዚህ ንግድ የዋሉት ሴቶች ስለሆኑ፣ በኋላ በመንገድ ዳር የተከፈቱትን ምግብ ቤቶች የጀመሩትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ተቀምጦ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ የዞረው ድንኳን፣ ምግብና የወጥ ቤት ዕቃ በበቅሎ ጭኖ ነው። የውጭ መንግሥት ቆንስላ በነበረባት ከተማ እንኳ መንገደኛ ከፍሎ የሚበላበትን ቤት ተማምኖ አይነሣም ነበር።

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መመገብ ግን ለአገሩ እንግዳ ጉዳይ አይደለም። የነገሥታቱና የመኳንንቱ ግብር ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል። በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የግብር አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ እየገባ ይበላ ነበር። መጀመሪያ ንጉሡ በመጋረጃ ተከልለው ከቅርብ ሰዎቻቸው ጋር፣ ቀጥሎ መኳንንቱ፣ ከዚያ አለቆችና ወታደሮች፣ በመጨረሻም ተራው ሰው። እንጀራው፣ ወጡ፣ ጥሬ ሥጋውና ጠጁ በዝግጅት ይጠብቃል፤ የሚመጣው ሰው ቁጥር በግምት ይታወቃል፤ የአንዱ ተራ ሲያበቃ ሌላው ይተካል። ለወጥ ቤቱ ይህ ከዛሬው ቡፌ እምብዛም አይለይም። ለተመጋቢው ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በግብር የሚገባበት ተራና የሚደርሰው ብልት እንደ ማዕረጉ ነው፤ በቡፌ ሰልፍ ላይ ከቀደመው ሰው ኋላ ይቆማል፣ የሚያነሣውም የመረጠውን ነው። ዘመናዊ ሠርግ ላይ ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች እስከ ዛሬ በሰልፉ የማይቆሙት፣ ምግባቸውም በአስተናጋጅ ተነሥቶ የሚመጣላቸው የግብሩ ሥርዓት ጨርሶ ስላልጠፋ ነው።

የምግብ ዓይነት አብዝቶ በአንድ ገበታ ማቅረብም የቆየ ታሪክ አለው። በ1880 ዓ.ም. መባቻ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱት ግብር በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ውስጥ ከነዝርዝሩ ተመዝግቧል። የሰሜኑም የሸዋም ወጥ፣ የፍየሉም የበሬውም ሥጋ፣ የጾም ለሚጾመውም ሳይቀር ተዘጋጅቶ ነበር። የምግብ ታሪክ አጥኚዎች ይህን ግብር የኢትዮጵያ ምግብ በአንድ ገበታ የተሰበሰበበት አጋጣሚ አድርገው ያዩታል። የእቴጌይቱ ችሎታ በወጡ ጣዕም ብቻ የሚለካ አይደለም። ስንት እንስራ ጠጅ፣ ስንት እንጀራ፣ ስንት ሰንጋ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማስላት ነበረባቸው፤ ቡፌ ቤት የሚከስረውም የሚያተርፈውም በዚህ ስሌት ነው።

ገበታው ከግብር ወደ ገንዘብ የተሻገረው በ1890ዎቹ መጨረሻ በተከፈተው እቴጌ ሆቴል ነው። ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት የሚነገረው ታሪክ በብዙ ሰው አፍ ይገኛል። መኳንንቱ ምግብ ገዝቶ መብላትን እንደ ውርደት ስላዩት ቤቱ ባዶውን ይውል ነበር፤ ምኒልክ ራሳቸው ሹማምንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፣ ከፈሉም፤ ከዚያ ወዲህ መክፈሉ ነውርነቱ ቀረ ይባላል። ታሪኩ በአፍ ሲተላለፍ ብዙ ጌጥ ሳይጨመርበት አልቀረም፤ የሚያሳየው የንግድ ችግር ግን እውነተኛ ነው። አዲስ የምግብ ቤት ዓይነት ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ ሰው እዚያ ሲበላ መታየቱን እንዳያፍርበት ማድረግ ነው። ይኸው ሆቴል ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ከመጉዳቱ በፊትም ሆነ ከጎዳው በኋላ፣ ለውጭ አገር ጎብኚዎች በይበልጥ የታወቀው በምሳ ሰዓት በሚያቀርበው የጾም ቡፌ ነው።

የቡፌን ስም ያመጣው ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። በረሃ መካከል ባለ ጣቢያ ወርዶ የሚበላና የሚያድር ሰው በየጉዞው በአንድ ሰዓት ይመጣል፣ ጠዋትም በአንድ ፊሽካ ይሄዳል። የአዋሹ ቡፌ የተቋቋመው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይም ለገሐር አጠገብ ቡፌ ደ ላጋር ተከፈተ፤ ዛሬ ቆሞ የሚታየው የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ቤቶች በፈረንሳይ የባቡር ጣቢያ ልማድ ቡፌ ይባሉ እንጂ ደንበኛው ራሱ አያነሣም፣ በጠረጴዛ ይስተናገድ ነበር። ከባቡሩ ጋር የመጣው ስሙና የሰዓቱ ሥርዓት ነው። ምግቡ ባቡሩ ሳይደርስ ይበስላል፤ ባቡሩ ሲዘገይ ወጥ ቤቱ ይቸገራል፤ ሲቀር ኪሳራው የቤቱ ነው።

ተመጋቢው ራሱ የሚያነሣበት ቡፌ በዓለም የታወቀው በስካንዲኔቪያ ገበታ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን የስዊድን ምግብ ቤት ይህን አሠራር ለአሜሪካውያን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የላስ ቬጋስ ቁማር ቤቶች በርካሽ ዋጋ «የቻልከውን ብላ» የሚል ቡፌ ጀመሩ፤ ዓላማቸው ከምግቡ ማትረፍ አልነበረም፣ ቁማርተኛው ለእራት ብሎ ከቤቱ እንዳይወጣ ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የቶኪዮው ኢምፔሪያል ሆቴል አሠራሩን ወስዶ «ቫይኪንግ» አለው፤ በጃፓን ቡፌ እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይጠራል። ከእነዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሚቀርበው የላስ ቬጋሱ ነገር ነው፤ እርግጥ ቁማሩን ትቶ። በአገራችን ከቡፌ ብቻ ያተረፈ ቤት ጥቂት ነው። ባቡሩ ትኬት ይሸጣል፣ የሠርግ አዳራሹ አዳራሹን ያከራያል፣ የመንገድ ዳሩ ሆቴል ደግሞ ቢራና አልጋ አለው። ቡፌው ሰው ያስገባል፤ ሌላው ያስከፍላል።

አዲስ አበባ የአፍሪካ የስብሰባ ከተማ ስትሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ፣ ልዑካንን በአንድ የምሳ ሰዓት መመገብ የየጊዜው ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው ሒልተንና ሌሎቹ ትልልቅ ሆቴሎች ራስን የማስተናገዱን ቡፌ ያለማመዱት ለዚህ ዓይነቱ እንግዳ ነው። ደርግ ወርሷቸው ሆቴሎቹ በመንግሥት እጅ ሲሆኑም አሠራሩ አልቀረም፤ የባሕር ዳሩን ጣና ሆቴል በመሳሰሉ የጉብኝት መስመር ሆቴሎች በቡድን ለሚመጣ ጎብኚ ያገለግል ነበር። ተራው የከተማ ሰው ግን ቡፌን ያወቀው በሠርግ ነው። ቀድሞ በዳስ ውስጥ ሰው በረድፍ ይቀመጣል፣ አሳላፊዎች እንጀራና ወጥ ይዘው ያልፋሉ። እንግዳው እየበዛ፣ የሰፈሩ ወጣት ለማሳለፍ ጊዜ እያጣ ሲሄድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከሥሩ እሳት ያለው ማሞቂያና ትልልቅ ጭልፋ ተተኩ። የቡፌ ዕቃ ማከራየት ራሱን የቻለ ንግድ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

በጎጃም በኩል ንግዱን ያመጣው የመኪና መንገድ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከነፃነት በኋላ የተሠራው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በኮሶበር (በእንጅባራ) እና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ይደርሳል። አውቶብስ የቆመበት ቦታ ምግብ ቤት በቀለ፤ ሹፌሩ የት እንደሚያቆም የሚወስነውም ነገር ለሁሉም የታወቀ ነው፤ ለሹፌርና ለረዳት ምግቡ በነፃ ነው። ይህ ቅናሽ አይባልም፤ ሃምሳ ሰው የሚያመጣ ደላላ ዋጋ ነው። አውቶብሱ ለሠላሳ ደቂቃ ሲቆም ምግብ አዝዞ መጠበቅ አይቻልም፤ በመጀመሪያ በያይነቱና ጥብስ ተዘጋጅተው የሚጠብቁባቸው ቤቶች፣ ቀጥሎም እውነተኛው የቡፌ ሰልፍ የመጣው በዚህ ጫና ነው። ከአዲስ አበባ በንጋት ይነሡ የነበሩት ሰላም ባስና ስካይ ባስን የመሳሰሉ አውቶብሶች የምሳ ሰዓታቸው የታወቀ መሆኑ ወጥ ሠሪዋን ከግምት አውጥቷት ነበር። ባቡሩ ለአዋሽ ያደረገውን አውቶብሱ ለእነዚህ ከተሞች አደረገ ማለት ይቻላል።

የአስተዳደር ለውጥም ድርሻ ነበረው። በንጉሡና በደርግ ጊዜ የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ ዳንግላ ነበረች፤ ቢሮውም፣ ባለጉዳዩም፣ ሆቴሉም እዚያ ነበር። የአዊ ዞን ሲቋቋም መቀመጫው እንጅባራ፣ የአገሬው ሰው ኮሶበር የሚላት ከተማ ሆነች፤ ስብሰባውም አብሮ ሄደ። የቻግኒና የመተከል መንገድ ከዋናው መስመር የሚገነጠለውም ከእንጅባራ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሠራተኛ፣ ሹፌርና ጎብኚ በዚህ በኩል ተመላልሷል። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ ዓይነት ደንበኛ አመጣ፤ «ነን ካፌ» የሚባለው፣ የምግብ ወጪውን በገንዘብ ወስዶ ውጭ የሚበላ ተማሪ። ይህ ደንበኛ በኮንትራት ይበላል፤ የወሩን ቀድሞ ይከፍላል፣ በየቀኑ ይመጣል። ትርፉ በሰው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ወጥ ቤቱ ነገ ስንት ሰው እንደሚመጣ ዛሬ ያውቃል።

በአንዲት ቀን ብቻ እንጅባራን የሚሞላው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን የዐድዋን ፈረሰኞች መታሰቢያ በየዓመቱ ጥር 23 ያከብራል። በዚያ ሰሞን የእንጅባራ አልጋ ሁሉ ይያዛል። አንዳንድ ቤቶች ለዚህ ቀን ብለው ቡፌ ይዘረጋሉ፤ የሚሻለው ግን ለማኅበሩና ለእንግዶች አስቀድሞ የተያዘ ትእዛዝ ነው፤ ሜዳ ላይ ያለ ተመልካች ቁሞ የሚበላ እንጂ ገብቶ የሚቀመጥ አይደለም።

ከሁሉም ይበልጥ የትንሽ ከተማን ቡፌ ያጸናው ሥልጠናና ስብሰባ ነው። የዞኑና የወረዳው መሥሪያ ቤቶች፣ ግብርናውና ጤናው፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችም ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ሰው ሲሰበስቡ ሻይ ቡናና ምሳ ከአንድ ቤት ይገዛሉ። ቁጥሩ የታወቀ ነው፣ ሰዓቱ የታወቀ ነው። ግዢው ከሦስት ቤት በሚሰበሰብ የዋጋ ማቅረቢያ፣ በፕሮፎርማ፣ ስለሆነ ዋጋ ዝቅ ያደረገ ያሸንፋል፤ ክፍያው ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ቤቱ ሽንኩርቱንና ሥጋውን በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ ሒሳቡን ለሳምንታት ሊጠብቅ ይችላል። ደህና ባለቤት ይህን የቆይታ ወጪ በዋጋው ውስጥ ያስገባል፤ ያላስገባው ቤቱ ሞልቶ እየዋለ ይከስራል። የደረሰኝ ነገርም ከዚህ ጋር ነው፤ ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ቤት የቱንም ያህል ጥሩ ወጥ ቢሠራ ከፕሮፎርማው ውጭ ነው።

የጾም ቀን መቁጠሪያ ለዚህ ንግድ ከማንኛውም የዋጋ ዝርዝር ይበልጣል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ይጾማል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ሃምሳ አምስት ቀን የሚፈጀው ዓቢይ ጾም፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ። በጾም ቀን ቡፌ ለመዘርጋት የሚያስፈልገው ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያና የሱፍ ፍትፍት ነው። አብዛኛው ከአጠገብ ይገኛል፤ ድንቹ ከባንጃ ደጋ፣ አትክልቱ በመራዊ አካባቢ ካለው ከቆጋ መስኖ፣ በርበሬው ከቡሬና ከወንበርማ። ዓይነቱ በርከት ብሎ ይታያል፣ ወጪው ዝቅ ይላል፣ የሚተርፈውም ቶሎ አይበላሽም። በፍስክ ቀን ደግሞ ሁሉም ሰው ወደ ሥጋው ይሄዳል፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ቤት ጥብሱንና ቀይ ወጡን ከረድፉ መጨረሻ ያደርጋል፣ ሳህኑ እዚያ ሲደርስ በእንጀራ፣ በሩዝና በፓስታ እንዲሞላ፤ ጭልፋውንም ለደንበኛው አይተውም፣ ሥጋው ላይ ሰው ያቆማል። ደንበኛው ይህን አይቶ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ የሥጋ ወጪው እረፍት የለውም፤ ብዙ ቤቶች በዚህ ወቅት ቡፌውን አንሥተው ወደ ትእዛዝ የሚመለሱት ለዚህ ነው። ዓሣ ለጾም ይቀርባል ወይስ አይቀርብም የሚለው ክርክር በባሕር ዳር መንገድ ሁሉ ያለ ነው፤ የጣና ቆሮሶና አምባዛ በአንዳንዱ ቡፌ ላይ ከሌሎቹ ወጦች በተለየ ሳህን የሚቀመጠው የሚጾመውም የማይጾመውም እንዳይከፋ ነው።

እንጀራ ለቡፌ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። በሌላ አገር የቡፌ ትልቁ ራስ ምታት ብክነት ነው። በብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የተስፋፉት ምግብ ቤቶች ሳህኑን መዝነው በኪሎ የሚያስከፍሉት ተመጋቢው ከሚበላው በላይ እንዳያነሣ ነው። እዚህ ያልተነካ እንጀራ በማግሥቱ ጠዋት ፍርፍር ይሆናል፣ ከዚያ የተረፈው ደርቆ ድርቆሽ። ወጡ ግን እንዲህ አይደለም፤ ደጋግሞ የሞቀ ወጥ ጣዕሙን ያጣል፣ ከስልሳ ዲግሪ በታች ለብ ብሎ ለሰዓታት የቆየም ሆድ ያማል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ ሽሮውን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፤ ማሞቂያ የሌለው ቡፌ እዚያ ለግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም።

የማሞቅ ወጪው ደግሞ ወደ አዊ ሌላ ታሪክ ይወስዳል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬዎች ከ1980ዎቹ ወዲህ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት መትከል ጀመሩ። ዛፉ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይበቅላል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፣ መሬቱም ለጤፍ ይመለሳል። ከሰሉ በጭነት መኪና አዲስ አበባና ባሕር ዳር ይገባ ስለነበር የአካባቢው ምግብ ቤት ርካሽ ከሰል ከበሩ ላይ አገኘ። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዛፉን የዋግ በሽታ ሲመታው ገበሬውም ወጥ ቤቱም ተጎዱ። ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድና ማሞቂያ መዞር በመብራት መቆራረጥ ምክንያት ሙሉ መፍትሔ አልሆነም፤ አብዛኛው ቤት ሁለቱንም አዘጋጅቶ ይሠራል።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ስብሰባና ሠርግ ቆመ፤ አንድ ጭልፋ በብዙ እጅ የሚዞርበት አሠራርም ቀረ። የተከፈቱት ቤቶች ቡፌውን በመስታወት ከልለው በአስተናጋጅ ማንሣት ጀመሩ፤ ክልከላው ከተነሣ በኋላም ብዙዎቹ ይህን አልተዉትም፣ ምክንያቱም ወጪ እንደሚቀንስ አይተዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭቱ ከተባባሰ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት አውቶብሱ ሰዓቱን አጣ። በሰዓት ላይ ለቆመ ንግድ ከዚህ የከፋ የለም። ስንት ሰው እንደሚመጣ የማያውቅ ቤት ወጥ በረድፍ ሊያስቀምጥ አይችልም፤ ብዙዎቹ ወደ በያይነቱና ወደ ትእዛዝ ተመለሱ።

አዘና ከዋናው መንገድ ወጣ ያለች ከተማ ናት። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር አውቶብስ አያልፍባትም፤ የኮሶበሩ ዓይነት የመንገደኛ ምሳ የላትም። የምትመግበው መምህሩን፣ የጤና ባለሙያውን፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውን፣ ገበያተኛውንና ለሥልጠና የመጣውን ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ ቡፌ በየቀኑ መዘርጋት አያዋጣም። አሥር ወጥ ለሃያ ሰው ሲሠራና ለስልሳ ሰው ሲሠራ የሽንኩርቱና የዘይቱ መጠን ይለያያል እንጂ የምድጃው ብዛት፣ የወጥ ሠሪዋ ደመወዝና የከሰሉ ወጪ እምብዛም አይለያይም፤ ስለዚህ ከሃያ ሰው በታች ያለው ቀን ሁሉ ኪሳራ ነው። የሚሻለው ድስቱን ሳይለውጡ አቀራረቡን መለወጥ ነው። በሰኞና በማክሰኞ አራት ወጥ ሠርቶ በያይነቱ ማቅረብ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾሙን ወጥ ቁጥር ወደ ስምንትና ዘጠኝ ከፍ አድርጎ ቡፌ መዘርጋት፣ የፍስኩን ቡፌ በትእዛዝ ብቻ ማድረግ። ረቡዕና ዓርብ የተመረጡት ለጾም ብቻ አይደለም፤ ሁለት ቋሚ ቀን ሲታወቅ ደንበኛው ራሱ ሰዓቱን ያስተካክላል፣ የወር ኮንትራት የሚበላውም በእነዚህ ቀናት የተሻለ ገበታ ስለሚያገኝ በኮንትራቱ ይቆያል።

ዕቃው ላይ የሚወጣው ገንዘብ ለትንሽ ቤት ከባድ ነው፤ ማሞቂያው፣ ሳህኑ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ፣ ተጠባባቂው ምጣድ። በትንሽ ከተማ ይህ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ በእቁብ ነው፤ ዕጣው የደረሳት ሴት ዕቃውን ትገዛለች፣ ከዚያ እሷም ሌሎቹም በኪራይ ይጠቀሙበታል። ኪራዩ የሚሞቀው ከጥምቀት እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት፣ የሠርጉ ወራት ነው። በእነዚህ ሳምንታት የቡፌው ዕቃ በምግብ ቤቱ ውስጥ አይገኝም፣ በገጠር ዳስ ይውላል፤ ወጥ ሠሪዋም አብራ ትሄዳለች፣ የእንጀራው ትእዛዝም ከሠርጉ ሦስት ቀን ቀድሞ ይሰጣል።